የሰው አገር ኑሮና የአገር ቤት ኑሮ በምን ሚዛን ይመዘናሉ?

የሰው ልጅ ባሕርዩ ማነጻጸርን የሚወድ ነው። ሁለት ነገር በፊቱ ባየ ጊዜ የትኛው እንደሚበልጥ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ አንዱን ብቻ ሲያይ እንኳ ሌላውን በሐሳቡ አምጥቶ ያስተያየዋል። ይልቁንም ከተወለደበት አገር ወጥቶ በባዕድ አገር የሚኖር ሰው ከዚህ ልማድ የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። ዳቦ ሲገዛ የዚያን አገር ዳቦ ከእናቱ ድፎ ጋራ ያወዳድራል፤ ታሞ ሐኪም ቤት ሲተኛ ያንን ሐኪም ቤት በወጣበት ከተማ ካለው ጋራ ይመዝናል፤ በረዶ ሲወርድ በመስኮት እያየ የሐምሌን ዝናብ ያስባል። ሁለት ስደተኞች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ፥ በዋሽንግተን ቢሆን በሮም፥ በኢየሩሳሌም ቢሆን በቤይሩት፥ ቡናው ገና ሳይፈላ ይህ ነገር ይነሣል። በአገር ቤት ያሉትም በበኩላቸው «ለመሆኑ የዚያ ኑሮ እንዴት ነው?» ማለትን አይተዉም።

ጥያቄው የጨዋታ ማሟሻ ይመስላል፤ ነገር ግን በመልሱ ላይ ተመሥርቶ ሰው በሬውን ይሸጣል፥ ትዳሩን ይፈታል፥ በረሓ ያቋርጣል፥ በባሕር ላይ ነፍሱን ይጥላል። ስለዚህ መልሱን የሚሰጥ ሰው ሚዛን እንደ ያዘ ነጋዴ ነው። የሙሴ ሕግ በአንድ ከረጢት ውስጥ ከባድና ቀላል፥ ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን የከለከለው ስለ እህልና ስለ ብር ብቻ አስቦ አይመስለንም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ከሁለቱ ኑሮዎች የትኛው እንደሚሻል አይደለም፤ ሁለቱን የምንመዝንበት ሚዛን እውነተኛ መሆኑን ነው።

ቀድሞ ከአገራችን የሚወጣው ሰው ጥቂት ነበረ። ለትምህርት የተላከው ወጣት፥ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሄደው መነኩሴ፥ መንግሥት የላከው መልእክተኛ ነበሩ፤ ተማሪውና መልእክተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሱ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ ግን ብዙ ሕዝብ በሱዳንና በኬንያ በኩል ተሰደደ። የአሜሪካ መንግሥት በ1972 ዓ.ም. ባወጣው የስደተኞች ሕግ ከነዚህ ብዙዎቹ በዚያ አገር ተቀባይነት አገኙ፤ በኋላም ዲቪ የሚባለው ዕጣ ተጨመረ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ወደ ዓረብ አገሮች ደግሞ ከየገጠሩ የወጡ እኅቶቻችን ለቤት ሠራተኛነት ሄዱ፥ ዛሬም ይሄዳሉ። ከዚህ የተነሣ ዛሬ በአገራችን ከተሞች በውጭ አገር አንድ ሰው የሌለው ቤተ ዘመድ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከዕለት ኑሮ እንጀምር። በአገራችን የቀን ሰዓት መቈጠር የሚጀምረው ከንጋት ነው፤ በምዕራባውያን አገሮች ግን ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፥ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። ነገሩ የአቈጣጠር ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስድስት ሰዓት በመጨመር ወይም በመቀነስ ይታረቅ ነበር። ዋናው ልዩነት በዚያ ሰዓት ዋጋ የተቈረጠለት መሆኑ ነው። በአሜሪካ የብዙው ስደተኛ ደመወዝ የሚታሰበው በወር ሳይሆን በሰዓት ነው። የታመመ ወዳጁን ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ሁለት ሰዓት ብቻ ሳይሆን የሁለት ሰዓት ደመወዙንም ትቶ ይሄዳል። በአገር ቤት ለቅሶ የሚቀመጥ ገበሬም ሥራው ይጐዳበታል፤ ነገር ግን የጐደለውን ቈጥሮ በወሩ መጨረሻ የሚያሳየው ወረቀት የለም።

ከዚህ ተነሥተው «የዚያ አገር ሰው ፍቅር የለውም» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ቀን በመኪና ማቆሚያ፥ ሌሊት በሆቴል ሲሠራ የሚያድር ወንድም እሑድ ከሰዓት በኋላ እንቅልፉን ትቶ የታመመ ሰው ሊጠይቅ ቢመጣ፥ የዚያ ጥየቃ ሚዛን ጊዜ ከተረፈው ሰው ጥየቃ ጋራ አንድ አይደለም። ጌታ በቤተ መቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ያከበረበት ምክንያት ለዚህም ይሠራል። በአገር ቤት ሆኖ «ልጄ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ አይደውልልኝም» የሚል አባት ይህንን ሒሳብ ቢያውቀው ቅሬታው ግማሹ ይቀር ነበር። ነገር ግን የሚነግረው የለም። ለምን እንደሌለ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ለውጭ አገር ኑሮ የሚገባውን ዋጋ መስጠት ፍትሕ ነው። በአገራችን ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቀጥቃጩና ፋቂው ለብዙ ዘመን ሲናቁ ኖረዋል፤ ያለ እነርሱ እጅ ማንም ለብሶና ቀቅሎ ማደር፥ ማረሻ ይዞ መውጣት የማይችል ሲሆን። ዲግሪ የተቀበለ ሰው በአዲስ አበባ ጎዳና ዕቃ ተሸክሞ ቢታይ ቤተ ዘመዱ ያፍራል። ይኸው ሰው በሰው አገር ታክሲ ይነዳል፥ በምግብ ቤት ሳሕን ያጥባል፥ በመጦሪያ ቤት የማያውቀውን አረጋዊ ገላ ያጥባል። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ድካም መኖሩን ስናስተምር ስንት ዘመን አልፎናል፤ ትምህርቱ በሥራ የተፈጸመው ግን ለብዙ ሰው በስደት ነው። የአካል ጉዳተኞችንም ነገር እንይ። በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው ሕግ ለሕዝብ የሚያገለግል ቤት ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እንዲገባበት ሆኖ እንዲሠራ አዟል። እኛ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠው አካል ጉዳተኛ ምጽዋት እንሰጣለን፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ የሚገባበትን መንገድ አልሠራንለትም። ይህን አይቶ የማያዝን የአገሩ ወዳጅ ሊሆን አይችልም። ስለ ውኃው፥ ስለ መብራቱ፥ ስለ መንገዱ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ አንዘረዝርም።

ወደ ጉርብትና ስንመጣ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ያጋድላል። በአገር ቤት ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ አቦሉን የጠጣ ቶናውን ሳይጠጣ አይነሣም፥ በረካ እስኪወርድ ድረስም የሠፈሩ ወሬና የሠፈሩ ኀዘን ሁሉ ይወራል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፥ ወንበር ያመጣል፥ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሟቹ ሀብታም ይሁን ድሃ፥ ቀባሪ አያጣም። አንድ አሮጊት በጠዋት ደጃፋቸውን ሳይከፍቱ ቢያረፍዱ «ምን ሆነው ይሆን?» የሚል ሰው አለ። በሰው አገር ግን አንዱ ከአንዱ በላይ በተደራረበ ቤት ውስጥ እየኖረ የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ወገኖቻችን ይህን ስላልቻሉት በየሄዱበት እድርና ማኅበር አቋቁመዋል፤ የሟችን አስከሬን ወደ አገሩ የሚልክ ገንዘብም ያዋጣሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ በዚህም ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ በግብፅ የበሉትን ዓሣ፥ ዱባውንና ሐብሐቡን፥ ሽንኩርቱንም እያሰቡ አለቀሱ። ልብ እንበል፤ ሐሰት አልተናገሩም። ዓሣው ነበረ፥ ሽንኩርቱም ነበረ። ያልተናገሩት ስለ ጡቡና ስለ ጅራፉ ነው። ናፍቆት ሐሰትን አይፈጥርም፤ ከእውነቱ መካከል የሚጥመውን ብቻ ይመርጣል። ስደተኛውም ጎረቤት የጠራበትን ቡና ሲያስብ፥ በዚያው ቡና ላይ የሰው ስም ሲነሣና ሲጣል እንደ ነበረ፥ ከሌላ አገር የመጣችው ተከራይ እንደ ባዕድ ስትታይ እንደ ነበረች፥ ዓይኑ ደስ ያላሰኘ ሰው ቡዳ ተብሎ እንደ ተሸሸ አያስብም።

ደግሞም የሚያስበው አገር ዛሬ ያለው አገር አይደለም። በአዲስ አበባ ስንት ቤተሰብ ከቀድሞ ሠፈሩ ተነሥቶ በየጋራ መኖሪያ ቤቱ ተበታትኗል፤ በዚያም ደረጃውን ወጥቶ በሩን የሚዘጋው ሰው ቍጥሩ እየበዛ ነው። የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። ከሃያ ዓመት በፊት የወጣ ሰው እንግዲህ የሚኖርበትን አገር የሚያወዳድረው በሐሳቡ ብቻ ከቀረ አገር ጋራ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በአገር ቤት ያለው ወጣት የሚኖርበትን ኑሮ የሚያወዳድረው በፎቶግራፍ ካየው አገር ጋራ ነው። ሁለቱም በእጃቸው ያለውን ከነጕድለቱ፥ በሩቅ ያለውን ያለ ጕድለቱ ይመዝናሉ። ከባዱና ቀላሉ መመዘኛ በአንድ ከረጢት ገባ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሚዛኑ የሚበላሸው በርቀት ብቻ አይደለም፤ በሁለቱም ወገን ሆን ብሎ በሚደረግ መሸሸግ ነው፤ የሚያስቸግረውም ይህ መሸሸግ ከፍቅር የሚወለድ መሆኑ ነው።

በቀድሞው ደብዳቤ ላይ ስደተኛው «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደኅና ነኝ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ይህ የተለመደ አነጋገር ቢሆንም ቢያንስ አንድ ነገር፥ ናፍቆቱን፥ አይሸሽግም ነበር። ዛሬ ደብዳቤው ቀርቶ በስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር ተችሏል፤ ዳሩ ግን መሸሸጉ አልቀነሰም፥ እንዲያውም ዘዴው በዛ። ከሥራ የተባረረው «ዕረፍት ላይ ነኝ» ይላል። ትዳሩ የፈረሰበት «ሥራ ላይ ናት» ይላል። ከአምስት ሰው ጋራ በአንድ ክፍል የሚያድረው በሰው መኪና አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ ይልካል። በአገር ቤት ያለችውም እናት እግራቸው አልራመድ ብሎ በሰው ተደግፈው ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው ስልኩ የሚከፈተው፤ «ደኅና ነኝ ልጄ፥ ምንም አልሆንኩ» ይላሉ። ስልኩም ይዘጋል፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ስላላስጨነቀ እግዚአብሔርን ያመሰግናል።

ስለ ፍቅር የሚነገር ሐሰት ይፈቀዳልን? ሊቃውንት በየዘመኑ የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። እኛ ግን ከገዛ አገራችን ልማድ ተነሥተን እንመርምረው፤ ይኸውም መርዶ ነው። አባቶቻችን የሞትን ወሬ በድንገት አይናገሩም። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች ተሰብስበው በማለዳ ወደ ኀዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ፤ ሰውየው ወሬውን በሰማበት ደቂቃ የሚደግፈው ክንድ በአጠገቡ ይኖራል። በስደት ያሉ ወገኖቻችንም ይህን ልማድ ጠብቀውታል፤ የሥራ ቀን ስለማይመች ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ይደረጋል። ብዙ ወዳጆቹን በማለዳ በደጃፉ ያየ ሰው፥ ቃል ከመነገሩ በፊት ነገሩን ያውቀዋል። በዚህ መዘግየት ውስጥ ሐሰት የለም ባንል እንኳ፥ የዘገየው እውነቱን ለመንጠቅ ሳይሆን ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማው ነው። እውነቱ ይነገራል፤ ጊዜው ብቻ ይመረጣል።

እናቱ ለአንድ ዓመት ታመው የቈዩ ልጅ፥ «ደኅና ናቸው» እየተባለ ቈይቶ፥ ከተቀበሩ በኋላ ሲነገረው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ሰው ሳያዝን የቈየበት ዓመት ተሰጥቶታል፤ የተወሰደበት ግን የመምረጥ መብቱ ነው። ሥራውን ለቆ፥ ተበድሮ፥ በረራ ገዝቶ ይመጣ ነበርን? አይታወቅም። ምናልባት የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረው ከወጣ መመለስ አይችልም ነበር፤ እንዲያም ቢሆን መሰናበቻ ቃል በስልክ ሊናገር ይችል ነበር። ሌሎች ስለ እርሱ መረጡለት። እኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ፍርዳችንን በግልጥ እንናገራለን፤ ሰውን ለማጽናናት እውነትን ማዘግየት አንድ ነገር ነው፥ ሰው ሊያደርገው የሚገባውን እንዳያደርግ እውነትን መከልከል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ርኅራኄ ነው። ሁለተኛው ርኅራኄ ቢመስልም የሰውን ዕድል በእጅ መያዝ ነው።

በስደተኛው በኩል ያለውም መሸሸግ በዚሁ ሚዛን ይታይ። እናቱ እንቅልፍ እንዳያጡ ድካሙን የሚደብቅ አለ፤ ውዳሴ ከንቱን ሽቶ የሌለውን ሀብት የሚያሳይም አለ። የሁለቱ ልብ አንድ አይደለም። ነገር ግን የሚልኩትን ፎቶግራፍ የሚያየው ታናሽ ወንድም የሁለቱን ልብ መለየት አይችልም። የሚያየው መኪናውን ነው። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ተመሥርቶ መሬቱን ያስይዛል፥ ለደላላ ይከፍላል፥ መንገድ ይጀምራል። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተባረው ሲመለሱ ብዙዎቹ ከለበሱት በቀር ምንም አልያዙም ነበር። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በግፍ ከተገደሉት ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች መካከልም ወደ አውሮፓ ሊሻገሩ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። የነዚህን ወጣቶች ደም በማንም ስደተኛ ፎቶግራፍ ላይ አንጭንም፤ ድህነቱም፥ ደላላውም፥ ገዳዩም አለ። ነገር ግን ከመነሣታቸው በፊት እውነተኛውን ወሬ የመስማት መብት ነበራቸው እንላለን።

እዚህ ላይ በአገር ቤት ያለነውም ከወቀሳ አናመልጥም። እውነቱን የሚናገር ስደተኛ ሲገኝ ማን ያምነዋል? «እንዳንመጣበት ነው» ይባላል። «ገንዘብ እንዳይጠየቅ ነው» ይባላል። በቤይሩት ወይም በሪያድ የምትሠራ እኅት፥ አሠሪዋ ፓስፖርቷን እንደ ያዘባትና ያለ እርሱ ፈቃድ ሥራ መለወጥ እንደማትችል ብትናገር፥ «ታገሺ እንጂ፥ ሌሎቹስ ይልኩ የለም ወይ» የሚል መልስ የሚሰጣት ቤተሰብ አለ። እንዲህ ከሆነ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ዝም ትላለች። ሐሰተኛውን ሚዛን የሚይዘው ሻጩ ብቻ እንዳልሆነ፥ ሐሰተኛውን ሚዛን ካልሆነ አልገዛም የሚል ገዢም እንዳለ ከዚህ እናያለን።

ስለ ገንዘብ አንድ ቀላል ሒሳብ እንጨምር። ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ አንድ ሠራተኛ ከግብር በኋላ በወር 3,000 ዶላር ቢያገኝና ከዚህ 1,600 ለቤት ኪራይ፥ 600 ለመኪናና ለመድን፥ 500 ለምግብና ለስልክ ቢከፍል የሚቀረው 300 ዶላር ነው። ከዚህ 200 ወደ አገሩ ቢልክ ከተረፈው ሁለት ሦስተኛውን ላከ ማለት ነው። በአገር ቤት ግን የሚታሰበው እንዲህ አይደለም፤ 3,000ው ወደ ብር ይለወጥና ሰውየው ባለጸጋ ይባላል። ኪራዩ ግን ወደ ብር አይለወጥም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የብሩ ቍጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ሰውየው ግን አንድ ሳንቲም አልተጨመረለትም። በዚህ ሒሳብ ምክንያት ስንት ወንድማማቾች እንደ ተኳረፉ የንስሐ አባቶች ያውቃሉ።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚታየው ኑሮ ነው። ነገር ግን ሁለቱን ኑሮዎች ማነጻጸር ሌላም፥ ከዚህ የሚጠልቅ ጥቅም አለው፤ ይኸውም ከመልካም ሥራችን የትኛው የራሳችን፥ የትኛው የአገራችን እንደ ነበረ ይለያል። ጾምን እንውሰድ። በአገር ቤት ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፥ ምግብ ቤቱ ሽሮና ምስር ያቀርባል፥ ጎረቤትም ይጾማል፤ ሰው መጾም ቢያቅተው እንኳ መግደፍ ያፍራል። በሰው አገር ግን መንገዱ ሁሉ እንደ ወትሮው ይበላል፤ የልደት በዓል በታኅሣሥ 29 ሲውል ሠራተኛው በሥራ ላይ ይውላል፤ የሚያይ የለም፥ የሚታዘብም የለም። በዚያ ቦታ የጾመ ሰው የጾመው በራሱ ፈቃድ ነው። በዚያ ቦታ የተወም ቀድሞ የጾመለት ሠፈሩ እንደ ነበረ ይማራል። ሽማግሌ ሲገባ መነሣት፥ እንግዳ መቀበል፥ ለወላጅ መታዘዝ ሁሉ እንዲሁ ነው። የመንደሩ ዓይን ሲነሣ ከነዚህ የሚቀረው ምን ያህል ነው?

ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል። በዚያ አገር በተራው የሚቆም፥ በቀጠሮው የሚደርስ፥ ቈሻሻ በመንገድ የማይጥል ሰው፥ ቦሌ በወረደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰልፉን ጥሶ የሚያውቀውን ሰው ሲፈልግ ይታያል። ያ ሥርዐትም እንግዲህ የእርሱ አልነበረም፤ የፖሊሱና የቅጣቱ ነበር። ቀደም ብለን በሰው አገር በሥራ ስለማያፍረው ሰው ተናግረናል፤ ለዕረፍት ሲመጣ ሥራውን ሲጠይቁት «በአንድ ድርጅት ውስጥ ነኝ» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ፥ ሥራን ያከበረው የሚያውቀው ሰው ስላላየው ብቻ ነው። በሁለቱም አገር አንድ ሆኖ የሚገኝ ሰው ግን አለ፤ ጥቂት ቢሆንም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ሁለቱ ኑሮ ብንጠይቀው መልሱ አጭር ነው፤ ስለሁለቱም በጎውን ይናገራል፥ ስለሁለቱም ክፉውን ይናገራል፥ ድምፁም አይለወጥም።

ሌላ አገርን አገር አድርጎ መኖር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ከጢሮስ ነበሩ፤ ተሰዓቱ ቅዱሳን ከሩቅ አገር መጥተው ቋንቋችንን ተማሩ፥ መጻሕፍትን ተረጐሙ፥ በተራራችን ላይ ገዳም መሥርተው ዐፅማቸውን በምድራችን ተዉ። ከእኛም ወገን የሄዱ አሉ፤ መነኮሳቶቻችን በኢየሩሳሌም በዴር ሱልጣን ብዙ መከራ ታግሠው ኖረዋል፤ በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1541 ዓ.ም. ገደማ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳትመዋል። ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፥ አታክልት እንዲተክሉ፥ ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መከራቸው። ይህን የነገራቸው ኢየሩሳሌምን እንዲረሱ አልነበረም፤ ሰባ ዓመት በሻንጣ ላይ ተቀምጦ መኖር እንደማይቻል ስላወቀ ነው እንጂ። ከወገኖቻችን መካከል ሠላሳ ዓመት በሰው አገር ኖረው «ለጊዜው ነው» የሚሉ አሉ። በአገር ቤት ያሠሩት ቤት ተዘግቶ ዘበኛ ይጠብቀዋል፤ በዚያ ያለውም ቤታቸው እንደ ማረፊያ ሆኖ ግድግዳው ባዶ ነው። ከሁለቱ በአንዱም አልኖሩም።

ከዚህ ሁሉ ንጽጽር ነጻ የሚመስሉት በዚያ አገር የተወለዱት ልጆች ናቸው። አባት «ወደ አገራችን እንሄዳለን» ሲል ልጁ የት እንደሆነ ይጠይቃል፤ እርሱ በአገሩ ነውና። በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ወደ አያቱ ቤት ሲመጣ የሚያነጻጽረው ከእኛ በተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ጉንጩን ስለሚስመው ይገረማል፥ መብራት ሲጠፋ ቤተሰቡ በሻማ ዙሪያ ተሰብስቦ ሲጫወት ደስ ይለዋል፥ የውኃው መቋረጥ ግን ያስከፋዋል፤ ሁለቱንም ሳይሸሽግ ይናገራል። የሚያሳፍረው ነገር ስለሌለ የቤቱንም ነገር አይደብቅም። አያቱ ፀጕሩን እያሻሹ «አባትህ እንደምን ነው፥ ይመቸዋል?» ብለው ሲጠይቁት፥ በተሰባበረ አማርኛ «አባዬ ሌሊት ነው የሚሠራው፤ ቀን ይተኛል፤ እኛ እሑድ ነው የምናየው» ይላቸዋል። አባትየውም ከአጠገቡ ተቀምጦ ቡናውን ያማስላል።